የቨርሊን ሁለት ደቂቃ

ቨርሊን ተብስ ሚስተር ኦታን ወደ ከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ይዛቸው የሄደችው፣ እሳቸው ሊቃወሙ እሷ ልትደግፍ መሆኑን ሁለቱም እያወቁ ነው። ሽማግሌው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ መኪና መንዳት አይችሉም። ሃያ ዓመት አጥር ለአጥር አብረዋት የኖሩትን ሰው በዚያ በረዶ አውቶቡስ ይጠብቁ ልትላቸው አልሆነላትም።

"ቀስ በይ እንጂ!" አሉ ኦታ። "የምትነጂው የተማሪ አውቶቡስ መሰለሽ?"

"አውቶቡሴ ላይማ ቢሆኑ ከኋላ ነበር የማስቀምጥዎት።"

"ከኋላ መቀመጡን አባቴ አላባማ እያለ፣ ጥቁር ከኋላ ይቀመጥ በሚባልበት ዘመን፣ ለእኔም ጭምር ተቀምጦልኛል።"

ሳቀች። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ስብሰባው በየመብራት ምሰሶው ላይ ስለተሰቀለው መሣሪያ ነበር። ተኩስ ሲሰማ ቦታውን ለይቶ ለፖሊስ ያሳውቃል፤ የሰፈሩ ሰው "ጆሮው" ይለዋል። ውሉ ሊያልቅ ስለሆነ ይታደስ አይታደስ የሚለው ክርክር ከተማውን ከፍሎታል። ጆሮው እዚያ ሰፈር እንዲሰቀል ቤት ለቤት ዞራ ፊርማ ያሰባሰበችው ቨርሊን ራሷ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት አንድያ ልጇ ኬንዴል በጠራራ ፀሐይ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጀርባ በጥይት ተመትቶ ወደቀ። ተኩሱን ብዙ ሰው ሰምቷል፤ የደወለ ግን የለም። ከፊሉ ሌላ ሰው ደውሏል ብሎ ተወው፣ ከፊሉ መስማት ሰልችቶት። ልጁ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሲደማ ቆየ። ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ..." ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

ባለፈው ጥቅምት ደግሞ ጣራ ሠሪዎች ማዶ ያለውን ቤት በምስማር መምቻ ማሽን ሲጠግኑ፣ ጆሮው ተኩስ ነው ብሎ አስታወቀ። ፖሊሶች በሦስት ደቂቃ ደረሱ። ያገኙት ግቢያቸው ውስጥ የረገፈ ቅጠል የሚሰበስቡትን ሚስተር ኦታን ነው። ገፍትረው በደረታቸው ጣሏቸው፤ አንደኛው ጉልበቱን ጫነባቸው፤ ዳሌያቸው የተሰበረው ያኔ ነው። ቨርሊን በመስኮት "ጣራ ሠሪዎቹ ናቸው! ምስማር ነው!" እያለች ብትጮህም ዞር ብሎ ያያት የለም። በኋላ ፖሊሶቹ በሪፖርታቸው ላይ "አዳልጧቸው ወደቁ" ብለው ጻፉ።

ቨርሊን ያየችውን ለማንም አልተናገረችም። ከተናገረች ጆሮውን ያወርዱታል ብላ ፈራች። ኦታም አንድ ቀን እንኳ "መስክሪልኝ" አላሏትም። ይበልጥ ያደከማት ይህ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ለአንድ ተናጋሪ የተፈቀደው ሁለት ደቂቃ ነው። አንዲት ወጣት ጆሮው ፖሊስ ከሚጠራባቸው አሥር ጊዜያት ዘጠኙ ባዶ ነው ስትል፣ አንድ የፖሊስ አዛዥ ደግሞ መሣሪያው ባይኖር ይሞቱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት እንዳሉ ተናገረ። ከዚያ ኦታ በከዘራቸው እየተደገፉ ወጡ።

"እኔ አላዳለጠኝም" አሉ። "ጥለውኝ ነው። ያየ ሰው አለ። ስሙን ግን አልጠራም፤ የራሱ ሐዘን ይበቃዋል።"

ተራው የቨርሊን ሆነ። የጻፈችውን ወረቀት ዘረጋችና መልሳ አጠፈችው።

"የኬንዴል እናት ነኝ። ያኔ ጆሮው ቢኖር ልጄ ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አሁንም አምናለሁ። ሚስተር ኦታ ስሙን አልጠራም ያሉት ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። አይቻለሁ። አላዳለጣቸውም።"

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። "ታዲያ ወይዘሮ ተብስ፣ ይታደስ ነው የሚሉን ወይስ ይቅር?"

"ልጅ ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው እንዲመጣ ነው የለመንኳችሁ። ጎረቤቴን ስበሩልኝ አላልኩም። አንዱ ያለ ሌላው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የመረጥኳችሁ። እኔ ደክሞኛል።"

ሁለት ደቂቃዋ አልቆ ደወሉ ተደወለ። ምክር ቤቱ ውሉን በአንድ ድምፅ ብልጫ ለአንድ ዓመት አራዘመው። ሲገናኙ "እናታችን" ይላት የነበረው አዛዥ በአጠገቧ ሲያልፍ ሰላም አላላትም።

መኪናው ውስጥ ገብተው ወደ ቤት መመለስ ጀመሩ።

"ስሜን ለምን አልጠሩም?" አለች ቨርሊን።

"ብጠራው ትነሺ ነበር?"

"እንጃ።"

"እኔም እንጃ ብዬ ነው የተውኩት።"

"አራት ወር ሙሉ ዝም አልኩዎት፣ ሚስተር ኦታ።"

"አውቃለሁ። የዚያን ዕለት መስኮቱ ላይ አይቼሻለሁ። ክፉኛ ነበር የተቀየምኩሽ። አሁን ግን ቂሙን መሸከምም አቃተኝ፤ ወገቤን ያመኛል።"

ሰኞ ዕለት ቨርሊን ፖሊስ መምሪያ ሄዳ የምስክርነት ቃሏን ሰጥታ ፈረመች። ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ "አዳልጧቸው" የሚለው ቃል ከሪፖርቱ ተሰርዟል፣ የተቀጣ ሰው ግን የለም። ኦታ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ ቨርሊን አጠገባቸው ቆማ፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ይሄው ነው?" አሏት።

"ይሄው ነው።"

ደብዳቤውን አጠፉና አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።