ክረምት የቀሰቀሰው ሽታ

መስኡዳ ቤት የሚጸዳው በፀሐይ፣ በአመድና በአላህ ፈቃድ ነው ብለው የሚያምኑ፣ ከውጫሌ ገበያ ያለፈ መንገድ ያላዩ ሴት ናቸው። ልጃቸው ረቢያ ደግሞ ጅዳ ላይ ሰባት ዓመት የሰው ቪላ ስትወለውል ኖራ፣ ለእያንዳንዱ እድፍ የራሱ ጠርሙስ አለው የሚል እምነት ይዛ የተመለሰች ናት። እናት አፍንጫቸውን ያምናሉ፤ ልጅ የጠርሙሱን ጽሑፍ። ሐይቅ ዳር ባለው ቤታቸው ተስማምተው ሲኖሩ ያጣላቸው ሱልጣን የሚባለው ቀይ ድመት ነው።

ጦርነቱ ወደ ከተማቸው ሲቃረብ ቤተሰቡ ገጠር ወዳሉ ዘመዶች ሸሸ። ሱልጣን ቢጠራ ቢፈለግ አልተገኘም። ረቢያ የሰባት ዓመት ድካሟ ምስክር የሆነውን፣ ከጅዳ ያመጣችውን ወፍራም ምንጣፍ ዘራፊዎች እንዳይወስዱባት የሳሎኑን በር በሁለት ቁልፍ ቆለፈች፤ መስኮቱን በምስማር መትታ ብፌውን አስጠጋችበት። ከአንድ ወር በኋላ ሲመለሱ በሩ ተሰብሯል፤ ቴሌቪዥኑም ብርድ ልብሱም የለም። ምንጣፉ ግን እንደተነጠፈ ነው። መሐሉ ላይ ሱልጣን፣ ከስቶ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ፣ ተኝቷል። ሽታው ከደጅ ይቀበላል።

«አየሽ!» አሉ መስኡዳ ድመቱን አቅፈው፤ «ሸንቶበት አስጠላቸውና ንብረትሽን አተረፈልሽ። የተቀጠረ ዘበኛ እንኳ እንዲህ አይሠራም!»

ረቢያ እየሳቀች ምንጣፉን አጠበችው፤ የበጋው ፀሐይ አደረቀው፤ ነገሩም ተረሳ። ሐምሌ ሲገባ ግን ከሐይቁ የሚነሳው ጉም በየማለዳው በበሩ ሥር እየሾለከ ምንጣፉን ያረጥበው ጀመር። ሽታው እንደ ሩቅ ዘመድ ሳይጠራ መጣ፤ መጥቶም አልሄድ አለ።

«ድመት ንጹሕ ነው፤ ሽንቱ ግን ነጃሳ ነው» አሉ መስኡዳ። መስገጃቸውን አንስተው በረንዳ ወጡ። ዝናቡ ሱጁድ ወርደው ግንባራቸውን በደፉበት እየረጨ ያርሳቸዋል፤ በሳምንቱ ሳል ጀመራቸው።

የረቢያ ታናሽ ወንድም ሀሚዱ ይህን ሲያይ መረረው። «እታለም፣ እስከ ጁምዓ ሽታውን አጥፊ። አለዚያ ሱልጣንን በጆንያ አድርጌ ውጫሌ እለቀዋለሁ።»

«ካንተ ቀድሞ ይመለሳል» አሉ መስኡዳ እያሳላቸው።

ረቢያ ሰኞ በረኪና አፈሰሰች። የሰዉ ሁሉ ዓይን አነባ፤ ሱልጣን ግን ጠረኑ ማርኮት ምንጣፉ ላይ ተንከባለለና፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ እዚያው ላይ ፊርማውን ጨመረበት። ማክሰኞ ከጅዳ የመጣውን የዑድ ዕጣን አጨሰች። ጎረቤታቸው ስህን በበሩ ብቅ ብላ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

«ምነው ረቢያ፣ ሙሽራ ሽንት ቤት ገብታ ቀረችባችሁ እንዴ?»

ረቡዕ አቼቶ በውሃ በጥብጣ ረጨች። ይህኛው ሽታውን ጥቂት ረገብ አደረገው፤ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ግን መልሶ ቀሰቀሰው።

ሐሙስ ጠዋት መስኡዳ ጉልበታቸውን ይዘው ወረዱና ምንጣፉን ጥግ ለጥግ አሸተቱት።

«አንቺ የምታጥቢው ፊቱን ነው፤ ገላውን ማን አየው? ነይ፣ ያዢ!»

ጥጉን ሲገልቡት ከሥሩ የተለጠፈው ስፖንጅ ወተት እንደጠጣ ዳቦ አብጧል። አየር ማቀዝቀዣ ላለው ቤት የተሠራ ምንጣፍ በሐይቅ ክረምት የሚደርቅ አልነበረም። ረቢያ ያፈሰሰችው ሁሉ ሽንቱን ወደ ታች ነድቶ እዚያው አስቀምጦታል።

«ሰባት ዓመት ወልውዬ ይህን አላወቅሁም?» አለች።

«እዚያ ጉም የለማ፣ የኔ ሸጋ። ምን ታርጊ?»

ምንጣፉን ለመጠቅለል ብፌውን ገፉት። ከኋላው በምስማር የተመታው መስኮት ታየ። የታችኛው እንጨት ከዳር እስከ ዳር ተቧጥጧል፤ አንዳንዱ ቦታ ጣት ያስገባል። ምስማሩ ሥር የተሰበረ ጥፍር ተሰክቶ ቀርቷል።

ረቢያ ጥፍሩን በጣቷ ነካችው። ሱልጣን ከቤት ውስጥ ሸንቶ የማያውቅ፣ ሌሊት እንኳ በዚያ መስኮት እየወጣ የሚመለስ ድመት መሆኑ ትዝ አላት።

«እማ፣ ዘበኛ አልነበረም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምንጣፌን ስቆልፍ እሱንም አብሬ ቆልፌዋለሁ።»

«አብሽሪ። ያን ቀን ማን ልቡ በቦታው ነበር?»

ምንጣፉን ጠቅልለው በረንዳ አወጡና የሲሚንቶውን ወለል በአቼቶ አጠቡት፤ አመድ ነስንሰው አሳድረው ጠረጉት። ጁምዓ ጠዋት ባዶው ሳሎን የሚሸተው ዝናብ ዝናብ ብቻ ነበር።

ሀሚዱ ከመስጊድ ሲመለስ ጆንያውን በብብቱ ይዟል። ምሳ ቀርቧል፤ ሱልጣን የሚጎርሰውን ሁሉ እጅ በዓይኑ እየተከተለ ይቃኛል። ረቢያ እጇን ታጥባ ከመቀመጧ በፊት ቆመች።

«ስሙኝ፤ አንድ ጊዜ ነው የምናገረው። ምንጣፉ ዛሬ ከዚህ ቤት ይወጣል፤ ሀሚዱ፣ አንተ ነህ የምትሸከመው። እማ፣ ከዐስር ሶላት ጀምሮ በረንዳ መውጣት የለም፤ እዚሁ ሰሌን ላይ ትሰግጃለሽ። ያን መስኮት እኔ ራሴ ምስማሩን እነቅለዋለሁ። ሁለተኛ አይዘጋም፤ ጉምም ይግባ፣ ሱልጣንም ይውጣ።»