የስለሺ ጎመንና ነጩ ሳጥን

ስለሺን የማያውቅ የጉለሌ ሰው የለም፤ ይህን የሚለው ራሱ ነው። ከእንጦጦ በሚወርደው ወንዝ ዳር፣ ከእኔ ማሳ አጥር ማዶ፣ ጎመን ያመርታል። ሞዴል ገበሬ ተብዬ ሳልሸለም አልሞትም ባይ ነው።

ሳሌም የምትባል ተመራማሪ በየዓመቱ ከጉለሌ እስከ ሱሉልታ እየዞረች በየማሳው ነጭ ሳጥን ትደፋለች፤ ከውስጡ አየር በመርፌ ትቀዳለች። ዘንድሮ ተራው የስለሺ ሆነ። ማዳበሪያ የበላ አፈር ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል፣ ሐኪም ቤት ለበሽተኛ ሲሰጥ የሚያስቅ ጋዝ እንደሚተነፍስ፣ ጋዙም ዓለሙን እንደሚያሞቅ፣ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደጨመረ እንደምትለካ አስረዳችን። ስለሺ ያን ጊዜ ፂሙን ያፍተለትል ነበር።

እሷ ስትሄድ ጠጋ ብሎ ሳጥኑ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ ውሸት ግን ያለ አስተማሪ ነው የቻልኩት። ሱሉልታ ውስጥ የአንድ ገበሬ ማሳ ብዙ ተንፍሶ በሬዎቹ ሲስቁ እንደዋሉ፣ ጋዙን በቧንቧ ለሆስፒታል ሊወስዱት እንደሆነ፣ ሰውየውም ሜዳሊያ እንደተሸለመ ነገርኩት። በሬ ሲስቅ የት አየህ ቢለኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እሱ የጠየቀኝ ስንት ማዳበሪያ ጨምሮ እንደሆነ ብቻ ነው።

ጎመኑ ለሁዳዴ ገበያ የደረሰ ነው፤ የቤቱ ቀለብ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሚስቱ የሺ ለመነችው።

"ተው ስለሺ፣ ይቃጠላል።"

"አንቺ ስለ ሳይንስ ምን ታውቂያለሽ?"

ያለውን ዩሪያ ማዳበሪያ ከሳጥኑ እስከ አጥሩ በትኖ ውሃ ለቀቀበት። ጾሙ ሲገባ ጎመኑ ጠርዙ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ተኛ። ገዢ ከሽሮ ሜዳ ድረስ ሲመጣ የሺ አጥሩ ሥር ቆማ የእኔን ማሳ ትጠቁም ነበር።

ሳሌም ውጤቱን ልትነግረን ሰበሰበችን። ትልቁ ወረቀት ላይ የጋዙ መስመር ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ስለሺ ኮት ለብሶ ከፊት ተቀምጧል።

"እኔ ስንተኛ ወጣሁ?" አላት።

"የእርስዎን ከሥዕሉ አውጥተነዋል፣ ጋሼ ስለሺ። እንዲህ አድርጎ ማዳበሪያ የሚበትን ገበሬ ስለሌለ ሌላውን ያበላሽብናል።"

የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

እሱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ፣ ደረቅ ሽሮውን እየበላ፣ ወረቀቱ ስላልበቃኝ ነው ያወጡኝ ይላል። የሺ ስትመጣ ጎመን እቆርጥላታለሁ። ለእሷ ነው፤ እሱማ ከወረቀት በላይ ነው፣ ጎመን ምን ያደርግለታል።