ምራት አታጨስም

የሳንባ መመርመሪያው መኪና ከሶፊያ የመጣ ዕለት ትምህርት ቤቱ ግቢ ሠርግ ቤት መሰለ። አጥሩ ላይ በስድስት ቋንቋ «ሁሉንም ሕዝብ ያቀፈ ምርመራ» የሚል ጨርቅ ሰቀሉ። ሥዕሉ ላይ ጥቁር አለ፣ ቻይናዊት አለች፣ ቀይ ፀጉር ያለው ሰውዬም አለ። እኛን የቡልጋሪያ ቱርኮቹን የሚመስል ብቻ ጠፋ።

አስተባባሪው ደሲስላቭ የሚባል ጎረምሳ ነው። «ባህላችሁን ጠንቅቀን አጥንተናል» አለን። እውነቱን ነው፣ ለተመርማሪ ባመጡት ሳንድዊች ውስጥ የአሳማ ሥጋ አልነበረም። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አነሳና፣ አማት ከምራት፣ አባት ከልጅ በተሰለፉበት፣ «የሚያጨስ ወደ ቀኝ!» ብሎ አምባረቀ። ጉድ በል ያገር ሰው!

እኛ ትምባሆ ዘርተን፣ ቅጠሉን በክር ሰክተን፣ ሸጠን የምንኖር ሰዎች ነን። በታላቅ ፊት ግን አናጨስም። ጎረቤቴ ረምዚ ራሱ አያት ሆኖ እንኳ አባቱ ብቅ ሲሉ ሲጋራውን እጅጌው ውስጥ ይደብቃል። ምራት ደግሞ ጭራሽ አታጨስም፤ ማለቴ፣ ማንም አያያትም።

ሽማግሌዎቹ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ቀኝ ሄዱ። አጎቴ ሳሊፍ «እኔ ከተገረዝኩ ጀምሮ ነው!» ብሎ ፎከረ። ሲጋራ በአፉ ዞሮ የማያውቀው ረጀብ ሳይቀር ለሳንድዊቹ ሲል ተከተላቸው።

የረምዚ ሚስት ኔፊዬ ወደ ግራ ሄደች። እኔና እሷ ስንት ዓመት ከትምባሆ ማድረቂያው ጀርባ አብረን ያጨስን ሴቶች ነን። ከመከር ጀምሮ ሳል ይዟት ከሲታ ሆናለች። ጤና ጣቢያው «የማታጨስ ሴት ምን ትሆናለች?» እያለ ሽሮፕ ይሰጣታል። ለምኜ ያመጣኋት እኔ ነኝ።

«አንቺስ አታጨሺም?» አላት ደሲስላቭ።

«ኧረ አላህ ይጠብቀኝ!»

«እንግዲያው ምርመራው አይመለከትሽም። ወደ ቤትሽ።»

አማቷ እማማ ሙርቬት ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። «ታጨሳለች!»

«እማማ!» አለች ኔፊዬ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ።

«ዝም በይ! ከማድረቂያው ጀርባ የሚወጣውን ጭስ የጂኒ ነው ብዬ የማምን መስሎሽ ነው?»

ደሲስላቭ ራሱን ነቀነቀ። «ይቅርታ እማማ፣ ከራሷ አፍ ካልሰማሁ ደንቡ አይፈቅድልኝም።»

«በይ ንገሪው፣ አንቺ!»

«በእርስዎ ፊት? ብሞት ይሻለኛል።»

«እየሞትሽ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ!» አሉ እማማ ሙርቬት።

ከዚያ ምርኩዙን ለእኔ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ሁለት ጣቶቻቸውን ጆሯቸው ውስጥ ወተፉ። ባለቤታቸው፣ የረምዚ አባት፣ አዩአቸውና እሳቸውም ዞሩ። አጎቴ ሳሊፍ ዞረ። ኢማሙ ዞሩ። መንደሩ በሙሉ ጀርባውን ሰጠ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ደሲስላቭ ተደናግሮ።

«ባህል ነው፣ አጥንቼዋለሁ አላልክም? ዙር አንተም!» አልኩት።

ዞረ። ከጀርባችን ኔፊዬ፣ የሕፃን በሚመስል ድምፅ፣ «አጨሳለሁ» አለች።

አስገቧት። ሐኪሟ ምስሉን አይታ ስትወጣ ሁላችንም አፍ አፏን አየናት። ሳንባዋ ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል እብጠት አለች፤ በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ትግባ፣ እብጠቷ ገና ትንሽ ስለሆነች ቆርጠው ያወጡላታል አለች። እማማ ሙርቬት ብቻ ምንም አልሰሙም። አሁንም ጆሯቸውን ደፍነው ግድግዳውን እያዩ ነው።

ኔፊዬ ሄዳ እጃቸውን ከጆሯቸው አወረደች። «እማማ፣ በጊዜ ደርሰንበታል አሉኝ። ይወጣል አሉኝ።»

አሮጊቷ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉላት።

«አምጪ።»

ኔፊዬ ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ የሲጋራ ፓኮዋን ከጡት መያዣዋ አውጥታ አማቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።