ለመዳፍ የተተወ ቦታ

"እንዳይነኩት፣ አደ ሲንቄ።"

ቃለአብ በአንድ እጁ የቀለም መከላከያ የሚረጭበትን ጠርሙስ፣ በሌላው ለስላሳ ጨርቅ እንደያዘ ከሚኒባሷ ኮፈን ፊት ተደቀነ። የአሮጊቷ መዳፍ በቅቤ ያብረቀርቃል። ሾፌሩ ልጃቸው ከተማ፣ ከነገሌ ፊልቱ የሚመላለስባትን ይህችን ሚኒባስ ቀለሟን አሳድሶ፣ ከሰዓት በኋላ ሊያስወጣት ነው።

"ቅቤ ያልነካው መንገድ አይወጣም" አሉ አደ ሲንቄ። "ላሜ ስትወልድ እቀባለሁ። ልጄ ሲያገባም ቀባሁ። መኪና ምን ስለሆነ ነው የሚቀረው?"

"ቅቤ ካረፈበት ይሄ አይይዝም። አፈሩ ይለጠፍበታል።"

"እማዬ፣ ተይው" አለ ከተማ። ወደ ቃለአብም ዞረ። "ለአንተም ነግሬሃለሁ። ፊልቱ ደርሼ ስመለስ አቧራው በውሃ ብቻ ካልወረደ፣ መናኸሪያ ውስጥ መሳቂያ ነው የማደርግህ። ከወረደ ሾፌሩን ሁሉ እነዳልሃለሁ።"

ቃለአብ ጠርሙሱን ነቀነቀው። በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ አድሮ ከአዲስ አበባ ያስመጣው ነው፤ የቀረው ለኮፈኑ ብቻ ይበቃል። ስድስት ዓመት በዚህ ላቫጆ፣ ቅቤና ቀይ አፈር የተጋገረበትን ኮፈን በሳሙና ሲፈገፍግ ሾፌሮቹን ይራገም ነበር። የማን እጅ እንደሆነ አስቦ አያውቅም።

ትናንት በጨረሰው በር ላይ አንድ ጆግ ውሃ ደፋ። ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ።

አደ ሲንቄ ጎንበስ ብለው አዩት። "የእኔ ቅቤም ውሃ አያስጠጋም። ታዲያ ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው?"

ከተማ ሳቀ። ቃለአብ አልሳቀም፤ መዳፋቸውን ነበር የሚያየው።

"እስቲ ሳይነኩ ከላይ ያሳዩኝ። የቱ ጋ ነው የሚቀቡት?"

አሳዩት። ቃለአብ እዚያው ላይ በወረቀት ፕላስተር አራት ማዕዘን ሠራ። ዙሪያውን እየረጨ ጠረገ፣ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ወለወለ። ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። አደ ሲንቄ ጥላ ሥር የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ ፈሳሹ እስኪደርቅ ጠበቁ።

ፕላስተሩ ሲላጥ መዳፋቸውን አሳረፉ። "ናጋን ገሊ" አሏት መኪናዋን። "በሰላም ግቢ።"

"አሁን ይሄን ለሰው ምን ብዬ ላስረዳ?" አለ ከተማ፣ አንገቱን እያከከ። "ሾፌሩ ሞሉም መኪናውን ሊያመጣ ይፈልጋል። ግን አያቱ አለች። እጇ ሰፊ ነው።"

"ፕላስተር ሞልቷል" አለ ቃለአብ።

የአደ ሲንቄ ትንሿ ጣት መስመሩን አልፋ፣ በሚያበራው ቀለም ላይ ቀጭን የቅቤ ጭረት ትታለች። ቃለአብ ጨርቁን ይዞ ተጠጋ። ጎንበስ ብሎ ጭረቷን አየ። ከዚያ ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።