ለአሥር ሲካፈል

ቀለም ቀቢው አፉን ከከፈተ ጉንዳን ዝሆን ሆና ትወጣለች። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱም የነገራትን ሁሉ ለአሥር ታካፍላለች። «መቶ ሰው አጨበጨበልኝ» ሲላት አሥር ብላ ትይዛለች፤ እሱም አይቀየማትም። ሃያ ዓመት እንዲህ ተግባብተው ኖረዋል።

አንድ ቀን ብቻውን የትምህርት ቤት ግድግዳ ሲቀባ ከመሰላል ወደቀ። አወዳደቁ ሦስት ሰፈር አስደነገጠ፤ ግን ማንም ብቅ አላለም። እግሩ አልንቀሳቀስ አለው፤ ባልዲው ተደፍቶበት ከአናቱ እስከ ጫማው ቢጫ ሆኗል። ስልኩን አውጥቶ ሚስቱ ጋ ደወለ።

«አንቺ! ከሰባተኛ ፎቅ ወደቅኩ! እግሬ አሥራ ሁለት ቦታ ተሰበረ!»

«ታዲያ በየትኛው አፍህ ነው የምታወራው? የሙሽራ ቀሚስ ይዣለሁ፣ ተወኝ እስቲ!» ብላ ዘጋችው።

ትምህርት ቤቱ ፎቅ የሚባል ነገር የለውም። እግሩ ግን እያበጠ ነው። ማጋነኛው ሁሉ ስላለቀበት እንደገና ደወለ።

«እግሬን ትንሽ አመመኝ።»

የስፌት መኪናዋ ቀጥ አለች። ከዚህ ሰው አፍ «ትንሽ» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም!

በአንድ እግሯ የራሷን፣ በሌላው የእሱን ጫማ አጥልቃ ከተፍ አለች። «ምን ሆንክብኝ የኔ ጌታ?»

ሐኪም ቤት እግሩን በጀሶ ሲያስሩለት አፉ ተመለሰለት። «ዶክተር፣ ይህቺ ሴት በሁለት ደቂቃ ከተማውን አቋርጣ፣ በርራ ነው የደረሰችልኝ!»

ሐኪሙ እየሳቀ ወደ እሷ ዞረ። «እውነት ነው እንዴ?»

ሚስትየው ጫማዎቿን አየት አደረገችና፣ «ኧረ ውሸቱን ነው፤ በአንድ ደቂቃ ነው!» አለች።