አንድ ቅጂ ብቻ

ሐኪሙ ወደ ማተሚያ ቤቱ የመጣው ረቡዕ ከምሳ በፊት ነበር። ገና የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ቢሆንም ሰፈርተኛው በሙሉ «ሐኪሙ» ነው የሚለው። ከጋዛ ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው። ስልኩን ለአታሚው ዘረጋላቸውና፣

«ጋሼ፣ ይቺን ፎቶ በኪስ ቦርሳ በምትገባ ልክ ያትሙልኝ። አንድ ቅጂ ብቻ» አላቸው።

ፎቶው ላይ አንዲት ወጣት በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣለች። የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ፣ ወደሚያነሳት ሰው በዓይኗ ትስቃለች።

«እህትህ ናት?»

«ነበረች። ቤቱ ሲመታ ውስጥ ነበረች» አለ። «እናቴ ግን ገና አልሰማችም። ልቧ ደካማ ነው፤ ያለችውም ድንኳን ውስጥ ነው። አጎቴ አጠገቧ ሆኖ እስኪያረዳት፣ ልጅሽ ስልኳ ተበላሽቶ ነው እያልናት ነው። እባክዎ ጋሼ፣ ማንም እንዳያየው።»

«የደንበኛ ወረቀት የደንበኛ ምስጢር ነው። ያጽናህ ልጄ» አሉ አታሚው። አትመው፣ ጠርዙን በመቀስ አስተካክለው ሰጡት። ፎቶውን ከኮምፒዩተሩ ማጥፋት ግን ረሱ። ለልጃቸውም ነገሩን አላነሱላትም።

ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ጣቶቿ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከቀለም ጠርተው ስለማያውቁ ጓደኞቿ «ቀለሟ» ይሏታል። ተማሪዎቹ ስለ ፍልስጤም ብለው ግቢው ሣር ላይ ድንኳን ተክለው ከተቀመጡ አስራ አንድ ቀናቸው ነው። ዩኒቨርሲቲው እስከ ቅዳሜ ልቀቁ ብሏቸዋል። አርብ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሰልፍ ሊወጡ ተዘጋጅተዋል። ድምፁ ያለ ድምፅ ማጉያ ሦስት ሕንፃ ስለሚሻገር «ማይኩ» የሚሉት መሪያቸው ሐሙስ ጠዋት ሰብስቧቸው፣ «ቁጥር ሰውን ሰለቸው። ይህን ያህል ሺህ ሞተ ስንለው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ፊት ያስፈልገናል፣ የሰው ፊት» አለ።

ሐሙስ ከሰዓት አባቷ ወረቀት ሊያመጡ ወጡ። ቀለሟ ኮምፒዩተሩን ስትከፍት ያቺን ልጅ አገኘቻት፤ ፋይሉ «የሐኪሙ እህት» ይላል። እህቱ በሃያ ስድስት ዓመቷ መሞቷን ሐኪሙ ራሱ ነግሯታል፤ የነፃ ትምህርት ዕድሌ ይሰረዛል ብሎ ድንኳኑ አጠገብ ባይደርስም፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ ያወራታል። ደወለችለት። አላነሳም። ደገመች። አሁንም አላነሳም። «ለእሱው አይደል የምንጮኸው?» አለች ለራሷ። ፎቶውን አሳድጋ፣ ከሥሩ «ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ተገደለች» ብላ ጻፈችበትና ሦስት መቶ አተመች።

አርብ ሰልፉ የተማሪ ብቻ አልሆነም። ነርሶች ከነጋዋናቸው፣ ታክሲ ነጂዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ወጡ። መንገድ ዳር የቆሙ አንዲት አሮጊት፣ «ምን የመሰለች ልጅ! ምን በደለቻቸው?» እያሉ ፎቶውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ጋዜጠኞች አነሱት፤ ወዲያው በየስልኩ ዞረ። የተረፈውን በየግድግዳው ለጠፉት። ከዚያ ፖሊስ ዱላውን ይዞ ገባ። ቀለሟ ትከሻዋን ተመታች፤ ቤቷ የገባችው ግን ደረቷን ነፍታ ነው።

«ዛሬ ሰሙን አባዬ» አለቻቸው። አባቷ ትከሻዋን በቀዝቃዛ ጨርቅ ይዘውላት ስለ ዱላው ብቻ ጠየቋት፤ ፖስተሩን ገና አላዩትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሙ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም። በእጁ ጫማ የረገጠው አንድ ፖስተር ይዟል።

«ከየት አገኘሽው?»

«እዚሁ። ደወልኩልህ እኮ፣ አላነሳህም።»

«በሽተኛ እየመረመርኩ ነበር።» ድምፁ ዝግ ያለ ነው። «ጎረቤት ድንኳን ያለች ልጅ ለእናቴ ስልኳን ሰጠቻት። ልጅሽ ውጭ አገር በሰው ሁሉ እጅ ላይ ናት አለቻት። የተጻፈውን ደግሞ ስልኩ ተረጎመላት።»

አታሚው ከማሽኑ ጀርባ ወጡ። «ማጥፋት ነበረብኝ። የኔ ጥፋት ነው» አሉ።

ቀለሟ አንዱንም ሌላውንም ታያለች። «እናትህ አልሰሙም ነበር?» አለች። ቀጥላም፣ «እንዴት ናቸው?» አለች።

«አልጮኸችም አሉ። ፎቶውን ስታይ ቆይታ፣ መቆንጠጫው የኔ ነው፣ አለች አሉ። ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም።» ፖስተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ከግድግዳ አውርዱልኝ።»

ቀለሟ የቀለም መፋቂያ ቢላዋና ባልዲ ይዛ ወጣች። ማይኩ ግቢው በር ላይ አገኛት።

«አብደሻል? ከተማውን የቀሰቀሰልን እኮ እሱ ፎቶ ነው!»

«የሰው መርዶ ነው ግድግዳ ላይ የለጠፍነው። እናትየው አልሰሙም ነበር።»

ማይኩ በእጁ የነበረውን ፖስተር አጣጠፈ። ከዚያ፣ «በየስልኩ ያለውንስ በምን ልትፍቂው ነው?» አላት።

ቀለሟ ባልዲዋን አንስታ አለፈችው። ከገበያው ጀምራ መፋቅ ያዘች። ሙጫው ጥሩ ስለነበር ወረቀቱ ቁርጥራጭ እየሆነ ነው የሚለቀው፤ አንዳንዱ ላይ ቀድሞ የደረሰ ሰው የልጅቷን ዓይን በሚስማር አውጥቶታል። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስትደርስ የፖሊስ መኪኖች ወደ ግቢው ሲበሩ አየች። ድንኳኖቹ ፈረሱ፤ ማይኩና አስራ ዘጠኝ ተማሪዎች ተጫኑ። ያመለጡት፣ ቀለሟ ቀድማ አውቃ ነው የጠፋችው አሉ። ቢላዋዋን ያየ አንድ ልጅ ደግሞ «ቀለሟ ቀረ፣ ፋቂዋ በሏት» ብሎ አሳቀባት። ድንኳኑ ውስጥ ባትገኝም ዩኒቨርሲቲው ፖስተሩን አትመሻል ብሎ ለአንድ ዓመት አገዳት።

ፎቶውን ባዩ በአስራ ስድስተኛው ቀን የሐኪሙ እናት ሞቱ። ሐኪሙ ይህን የነገረው ለአታሚው ብቻ ነው። «ልቧ ይሁን፣ ረሃቡ ይሁን፣ ውሃው ይሁን አላውቅም። ሐኪም እሆናለሁ እላለሁ፣ የእናቴን አሟሟት ግን አላውቅም» አላቸው። አባቷ ለቀለሟ ለመንገር ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ሲነግሯት ጀርባቸውን ሰጥተው ማሽኑን እየወለወሉ ነበር።

ማይኩ ከእስር ሲወጣ ከትምህርቱ ተባሮ ነበር። ድምፁ ሰልሏል። ሰልፉ ግን አልቆመም፤ እሱም እሷም ተመለሱ። አሁን ማንም ፎቶ ይዞ ሲመጣ ቀለሟ፣ «ቤተሰቡ ሰምቷል? ፈቅዷል?» ሳትል አታትምም። በጥያቄዋ የሚሰለች ብዙ ነው።

አንድ እሁድ ቀለሟና ማይኩ ለቅሶ ሊደርሱ ሐኪሙ ቤት ሄዱ። በሩን በከፊል ከፍቶ አያቸው፤ ከዚያ ገለል አለ።

«ግቡ» አለ።

አንዲት ወንበር ብቻ ስለነበረች መሬት ላይ ተቀመጡ። ማይኩ ይቅርታ ሊጀምር ሲል ሐኪሙ በእጁ አስቆመው።

«ዛሬ አይደለም። ነገ ፈተና አለኝ።»

መጽሐፉን ገለጠና ማንበብ ጀመረ። ውጡ አላላቸውም። እነሱም አልተነሱም፤ አልፎ አልፎ ገጽ ሲገለበጥ ብቻ ይሰማል።