የቀትር መጋረጃ

ኃይለ ልዑል የመጋረጃውን ቁልፍ በኪሱ ውስጥ ጨብጦ ምሰሶው አጠገብ ቆሟል። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። የሰመራ ፀሐይ የገበያ ሕንፃውን መስታወት አግላዋለች፤ በአዳራሹ የኋላ ክፍል ሴት ነጋዴዎቹ የሱቆቻቸውን በር ገርበብ አድርገው ለቀትር እንቅልፍ ምንጣፍ ማንጠፍ ጀምረዋል።

«ጋሼ፣ ምን ትጠብቃለህ? አውርደው እንጂ!» አለችው የጨርቅ ነጋዴዋ ኑርሀያት። የአራት ዓመት ልጇ ኑራ ጭኗ ላይ ተኝታለች።

«አይወርድም» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ መጋረጃው ለመኝታ አይወርድም።»

መጋረጃ ይባል እንጂ የቤት መጋረጃ አይደለም። እሳት የማይበላው ግራጫ ጨርቅ ነው። ጣሪያው ላይ በብረት ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጥና ጭስ ሲነሳ በራሱ ወርዶ አዳራሹን ከፊትና ከኋላ ለሁለት ይከፍለዋል። እሳቱ ከፊት ቢነሳ ከኋላ ያለው ሰው በጓሮ በር ይወጣል፤ ከኋላ ቢነሳ ደግሞ ከፊት ያለው በዋናው በር። ይህን በቅጡ የሚያውቀው ከኮምቦልቻ መጥቶ ስድስት ዓመት የሕንፃው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው ኃይለ ልዑል ብቻ ነበር።

ጥፋቱም የራሱ የኃይለ ልዑል ነው። ካቻምና በረመዳን፣ ጾመኞቹ ሴቶች በሙቀት ሲዝለፈለፉ አይቶ አንጀቱ አልችል አለ። ማቀዝቀዣው ለመላው አዳራሽ አልበቃ ሲል መጋረጃውን በቁልፍ አወረደና የኋላውን ክፍል ብቻ አቀዘቀዘላቸው። ያን ቀን የተመረቀውን ምርቃት ከእናቱም አላገኘም። ረመዳን አለፈ፣ ልማዱ ግን ቀጠለ። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ይወርዳል፣ አስር ሰዓት ይነሳል። በወረደ ቁጥር የሚጮኸው ደወል ሕፃናቱን እያባነነ ቢያስቸግር ሽቦውን ቆረጠው። ደግ የሠራ መስሎት!

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንዱ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ እንቁላል ሲጠብስ ጭሱ ጣሪያ ደረሰና መጋረጃው በራሱ ወረደ። ወደ በር የሄደ አንድም ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ተያይተው ሳቁ፤ «ዛሬስ ቀትሩ ቸኮለ» አሉና ጋደም አሉ። ኃይለ ልዑልም አብሯቸው ሳቀ። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባው። መውጣት ሲገባቸው እንዲተኙ ያስለመዳቸው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድለት አለ።

«ኑርዬ፣ ይሄ እኮ እሳት ሲመጣ ነው የሚወርደው። እናንተ ደግሞ ሲወርድ ትተኛላችሁ።»

«ወላሂ፣ ዛሬ ምን ነክቶሃል? እሳት የት አለ?» ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጅቷን እያት እስቲ። ትኩሳት ይዟት ነው ያደረው።»

ኃይለ ልዑል ልጅቷን አያት። ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ሳምንት ሙሉ ያሰበው ሁሉ ጠፋበት።

«የዛሬን ብቻ» አለና ቁልፉን ምሰሶው ላይ ሰክቶ አዞረው። ነገ በጠዋት የደወሉን ሽቦ መልሼ እቀጥላለሁ ብሎ ለራሱ ማለ። መጋረጃው ያለ ድምፅ ወረደ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ኃይለ ልዑል ከጥበቃው ከሰማኸኝ ጋር ዋናው በር ጥላ ሥር ምሳ ይበላሉ። የፊት ሱቅ ነጋዴዎች ወደየቤታቸው ሄደዋል።

«የሚሸት ነገር አለ?» አለ ሰማኸኝ።

ኃይለ ልዑል ዞር ሲል ከፊት ሱቆች አንዱ ከሆነው ከባትሪ መሸጫው መዝጊያ ሥር ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል። ባለቤቱ ባትሪዎቹን ቻርጅ ላይ ትቶ ወጥቷል። ሰማኸኝ የእሳት ማጥፊያውን ነጥቆ ሮጠ፤ ኃይለ ልዑል ወደ ምሰሶው። ቁልፉን ሰካ። መጋረጃውን አንስቶ ሊቀሰቅሳቸው ነበር፤ እጁ ግን ቁልፉ ላይ ቀረ። ካነሳው ጭሱ በቀጥታ እነሱ ላይ ነው። ካላነሳው ማን ያነቃቸዋል? ደወሉ እንደሆነ አይጮኽም።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኳቸው!» እያለ ሕንፃውን ዞሮ ወደ ጓሮ በረረ።

የጓሮው የብረት በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። አሸዋ ያዘለው የቀትር ነፋስ እንዳይገባባቸው ሴቶቹ ሁልጊዜ ይቀረቅሩታል። በጡጫ ደበደበው። ብረቱ እጁን አቃጠለው።

«ተነሱ! እሳት ነው! ውጡ!»

ደግሞ ደበደበ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የኑርሀያት ድምፅ በእንቅልፍ እንደተያዘ መጣ።

«ጋሼ፣ ቅድም እምቢ ብንልህ አሁን በዚህ መጣህ? ተወን፣ ልጅቷ ገና አሁን ነው የተኛችልኝ።»

ከውስጥ ሌላ ሴት ሳቀች። ምን ቢላቸው ያምኑታል? ከዚያ በፊት በሰው ልጅ ሞት ምሎ የማያውቀው ሰው ከአፉ አመለጠው።

«በኑራ ሞት! ኑርሀያት፣ በኑራ ሞት እሳት ነው!»

መቀርቀሪያው ተነሳ።

ሰላሳ አንድ ሰው በደህና ወጣ። ኑራ በእናቷ ትከሻ ላይ እያሳለች ወጣች። ጭሱ በመጋረጃው ጠርዝ መግባት ጀምሮ ነበር፤ እሳቱ ግን አላለፈም። ወደ ጅቡቲ መንገድ የሚሄድ የውኃ ቦቴ ሹፌር ጭሱን አይቶ መኪናውን ወደ በሩ አስጠጋና ከሰማኸኝ ጋር አጠፉት። አራት የፊት ሱቆች ከሰሉ።

የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ አብዱናሲር እየሮጠ ደርሶ የከሰለውንና ያልከሰለውን አየ። ከዚያ ኃይለ ልዑልን አቀፈው።

«አልሐምዱሊላህ! አንተ ባታወርደው ኖሮ ዛሬ የስንቱን ሬሳ እናወጣ ነበር! ከእንግዲህ በየቀኑ ይውረድ፣ ትእዛዝ ነው።»

ሴቶቹ ከበቡት። አንዷ እጁን ሳመችው፤ ሌላዋ ነጠላዋን ጥላ እንዲሆነው ከላዩ ዘረጋች። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። ይህን ያውቃል። እጁን ከምትስመው ሴት ነጠቀ።

«አትሳሙኝ» አለ። «ደወል ነበረው። በወረደ ቁጥር የሚጮህ። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ባልምልላችሁ ኖሮ እንደተኛችሁ ትቀሩ ነበር።»

የአብዱናሲር እጅ ከትከሻው ላይ ወረደ። ነጠላውን የያዘችው ሴት ቀስ ብላ አጠፈችው። ኑርሀያት ግን አልሸሸችም። ልጇን አጥብቃ ይዛ ቀረበችው፤ ዓይኗ ጭስ ይሁን እንባ ቀልቷል።

«ለምን ነገርከኝ?» አለችው። «አሁን እኔ እንዴት አድርጌ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ?»